«እችላለሁ» ከየት ይመጣል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከደብረ ብርሃን ነው የማወራችሁ። ጋቢዬን ደርቤ ነው የምቀዳው። ድምፄ ከተንቀጠቀጠ ብርዱ ነው እንጂ ፈርቼ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ፈርቼም ይሆናል። ብቻን ተቀምጦ ለማይክ ማውራት ገና አልለመደልኝም።

የዛሬው ጉዳይ በራስ መተማመን ነው። ቆይ፣ አትዝጉት! «ተነስ፣ አንበሳ ነህ» ልላችሁ አይደለም። እሱን የሚላችሁ ቲክቶክ ላይ ሞልቷል። እኔን የሚያሳስበኝ አንበሳው ከወደቀ በኋላ ያለው ነገር ነው።

እዚህ ጠባሴ ሰፈር አንዲት የጎረቤት ልጅ አለች። በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ800 ሺህ በላይ ተማሪዎች አንዷ ናት። ያን ዓመት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 ከመቶው ብቻ ነበር። እሷ አላመጣችም። ከዚያ በኋላ ቤት ዋለች። እናቷ እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ፤ እሷ ታግዛለች። ደብተር የሚባል ነገር ማየት አስጠላት።

አንድ ቀን እንጀራ ልወስድ ሄጄ ስለ ትምህርት አነሳሁባት።

«ተወኝ ጋሼ፣ እኔ ጭንቅላት የለኝም» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ውጤቱ ነዋ!»

መልስ አጣሁ። ቤቴ ገብቼ ግን ሳስበው ነገሩ ሌላ ሆነብኝ። ይቺ ልጅ 9ኛ ክፍል ሳለች ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤት ተዘጋ። 11ኛ ክፍል ስትደርስ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ መጣ። ያኔ እዚህ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ማን ነበር ሎጋሪዝም የሚያስብ? እና «ጭንቅላት የለኝም» ስትል የሁለት ክፉ ዓመታትን ዕዳ ብቻዋን ተሸክማ ነው። የራሷ ድርሻም አለበት። ሁሉም ግን የእሷ አይደለም።

አብረን እናጥና አልኳትና ከ9ኛ ክፍል ሂሳብ ጀመርን። መጀመሪያ አፍራ ነበር። መጽሐፉን ሰው ሲመጣ ከጋቢ ስር ትደብቀው ነበር። አንድ ማታ «ይበልጣል፣ ያንሳል» የሚለው ምልክት ላይ ደረስን። ሁለቱን ወገን በኔጌቲቭ ቁጥር ስታባዛው ምልክቱ ይገለበጣል አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይሄ ነው እንዴ?» አለች። ለዓመታት የምትሳሳተው እዚያች ጋ ነበር! ሌላ ጥያቄ ስጠኝ አለች። ሰጠኋት። አገኘችው። ሌላ አለች። እናቷ «ልጄ፣ መብራቱ ይቆጥራል» እስኪሉ ድረስ አልተነሳችም።

«እችላለሁ» እንዲህ ነው የሚመጣው ብዬ አምናለሁ። ቀድሞ አይመጣም። ትንሽ ከሠራህ በኋላ ነው የሚመጣው። ፍርሃቱ እስኪለቅህ ከጠበቅክ ደግሞ ትጠብቃለህ፣ አለቀ።

አበበ ቢቂላ የዚሁ የኛው አገር ልጅ ነው፤ መንዲዳ አጠገብ፣ ጃቶ የተወለደ። የሮሙን የኦሎምፒክ ማራቶን ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን። ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በባዶ እግር። እኔ ግን ከሮም ይልቅ ቦስተን ትገርመኛለች። ሚያዝያ 1955 ከማሞ ወልዴ ጋር ሆነው ከግማሽ መንገድ በላይ በሪከርድ ፍጥነት ሮጡ። ከዚያ ብርድ ነፋስና ዳገት አደከማቸው። አበበ 5ኛ ወጣ። ብርድና ዳገት! የሰሜን ሸዋን ልጅ! ያን ጊዜ ስንቱ «አለቀለት» ብሎ ይሆን? ጥቅምት 1957 ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ሩጫውን ጨርሶም ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር።

በ1961 ሜክሲኮ ላይ ደግሞ እግሩን አሞት 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ አመጣው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የመኪና አደጋ ደረሰበትና እግሮቹ መንቀሳቀስ አቆሙ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ። ቀስት መወርወር ያዘ። በ1963 ኖርዌይ ሄዶ በረዶ ላይ፣ ውሾች በሚጎትቱት ስሌጅ፣ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። እግሩ አልዳነም፤ ይሄን መዝለል አልፈልግም። ጽናት የጠፋውን ሁሉ አይመልስም። ግን ሰውዬው «እኔ ሯጭ ነኝ፣ ሌላ አልነካም» አላለም። በቀሩለት ክንዶቹ ሠራ።

ለዚህ ነው «ደግመህ ሞክር» የሚለው ምክር ብቻውን የማይጥመኝ። ያንኑ ግድግዳ በግንባር ደጋግሞ መግጨት ጽናት አይደለም። የተሳሳትክባትን ቦታ ፈልገህ፣ 9ኛ ክፍልም ቢሆን፣ ተመልሶ መግባት ይበልጥ ከባድ ነው። ሰው ያይሃላ! ዕድሜህ የት ደረሰ ይሉሃላ! ውድቀቱን ከመፍራት ይልቅ የጎረቤትን ዓይን የምንፈራ ብዙ ነን።

ልጅቷ አሁን በግል ልትፈተን ተመዝግባለች። መጽሐፉንም መደበቅ ትታለች። ሂሳቡ መስመር ይዟል። ፊዚክስ ግን ገና ነው፤ እኔም ከፊዚክስ ጋር ከተለያየን ቆይተናል። ጠባሴ አካባቢ ያላችሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለአንድ ሁለት ሰዓት ማስጠናት የምትችሉ፣ ጻፉልኝ። ክፍያ የለውም። ትኩስ እንጀራና ቡና ግን ከእናቷ ዋስ እሆናለሁ። ቻው፣ በደህና ያገናኘን።