«ማን ያውቃል?»

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ቡናዬን ጠጥቼ፣ በሩን ዘግቼ ነው የተቀመጥኩት። የምናገረውን ሁሉ ልጄ ያውቀዋል። ትናንት ማታ ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ነግሬዋለሁ። «ስሜን ብቻ እንዳትጠሪ» ብሎኛል፤ አልጠራም።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን ማዕድ ቤት ቆሜ ሲኒ አጥባለሁ። ልጄ ያኔ 19 ዓመቱ ነው፤ ከኮሌጅ ለእረፍት መጥቷል። ፎጣ ይዞ ያጠብኩትን ያደርቅልኛል። አራተኛውን ሲኒ ከእጄ ሲቀበል «እማዬ፣ እኔ ጌይ ነኝ» አለኝ። የተናገረው በእንግሊዝኛ ነው። «እማዬ» የምትለዋ ብቻ ናት አማርኛ።

ቧንቧውን አልዘጋሁትም። ውሃው ሲወርድ ይሰማኛል። ከዚያ ከአፌ የወጣው «ማን ያውቃል?» የሚል ነበር።

«ደህና ነህ ወይ?» አላልኩም። «ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻህን ነው የያዝከው?» አላልኩም። ማን ያውቃል። ሲኒውን አድርቆ ረከቦቱ ላይ አስቀመጠ። ወደ ክፍሉ ገባ።

ይሉኝታ አጥንቴ ድረስ መግባቱን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። የልጄን ፊት ሳላይ የማኅበሬን ሴቶች ፊት አየሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ አየሁ። አዲስ አበባ ያለችውን እናቴን አየሁ።

እህቴ በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ ስትመጣ በሃይላንድ ጠበል አምጥታልኝ ነበር። ራሴን ያመኛል ብዬ ነው ያስመጣኋት። ማታ ልጄ ሲተኛ ቀስ ብዬ እገባለሁ። ዳዊት በልቤ እየደገምኩ እግሩ ሥር፣ ትራሱ አጠገብ እረጫለሁ። ሰባት ሌሊት እንዲህ አደረግኩ። በኋላ እንደነገረኝ ሰባቱንም ሌሊት ነቅቶ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቀኛል። ጠብታው ፊቱ ላይ ሲያርፍ እንኳ አይጠርገውም። እንዳላፍር ብሎ።

ጠበል የማምን ሰው ነኝ። ዛሬም እጠመቃለሁ፤ ዛሬም ቅዳሴ አልቀርም። ያጠፋሁት ሌላ ነው። ልጄን አንዲት ቃል ሳልጠይቀው በሽተኛ አደረግኩት። እሱም ተኝቶ ተቀበለኝ።

የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፣ ነርሲንግ ሆም። በሌሊት ፈረቃ አብራኝ የምትሠራ የኤል ሳልቫዶር ሴት አለች። አንድ ሌሊት ዓይኔ አብጦ አየችኝ። ምን ሆንሽ አላለችኝም። ዝም ብላ ስለ ራሷ ልጅ አወራችኝ። ሴት ልጇ ሌዝቢያን ናት። እንዴት እንዳወቀች ሳላውቅ ሁሉን ነገርኳት። በማግስቱ ሁለት ነገር አመጣችልኝ፤ አንድ ዲቪዲ እና አንድ ቀጭን ቡክሌት።

ፊልሙ «ፕሬየርስ ፎር ቦቢ» ይባላል። ለቦቢ የተጸለዩ ጸሎቶች እንደማለት ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ከዚያ በፊት በ1995 ሊሮይ አሮንስ የሚባል ጋዜጠኛ በመጽሐፍ ጽፎታል። የእውነት ታሪክ ነው። ሜሪ ግሪፊዝ የምትባል እናት፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዋልነት ክሪክ የምትኖር፣ ከቤተ ክርስቲያን የማትጠፋ ሴት ናት። ልጇ ቦቢ ጌይ መሆኑን ስታውቅ እግዚአብሔር ይፈውሰዋል ብላ ጸሎት ያዘች። ፊልሙ ላይ ሜሪን ሆና የምትሠራው ሲጎርኒ ዊቨር ናት። ጥቅስ በትንንሽ ወረቀት እየጻፈች ቤቱ ውስጥ ትለጥፋለች። መስታወቱ ላይ ሳይቀር። ልጁ ፊቱን ሊያይ ሲጠጋ የሚያገኘው ወረቀቱን ነው።

እዚህ ጋ ሪሞቱን አንስቼ አቆምኩት። የኔን ሃይላንድ አየሁታ። ጓዳ ገብቼ ሳየው ግማሽ ቀርቶታል። ይቺ ፈረንጅ ከኔ ጋር ምን ያገናኛታል? ቋንቋችን ሌላ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ሌላ። ግን እኔው ነኝ። እጇ ራሱ የኔን እጅ ይመስላል። ቀስ ብሎ፣ በፍቅር፣ ልጅን የሚጎዳ እጅ።

ቦቢ በኦገስት 1983 ራሱን አጠፋ። 20 ዓመቱ ነበር። ሜሪ ከዚያ በኋላ ለዓመታት መልስ ስትፈልግ ቆየች። የደረሰችበትን ስትናገር፣ እግዚአብሔር ልጄን ያልፈወሰው መጀመሪያውኑ ምንም ችግር ስላልነበረበት ነው ትላለች። ወደ ሌሎች ወላጆች ሄዳ እኔ ያደረግኩትን አታድርጉ ስትል ኖረች። እኔ ልጄ በሕይወት እያለ ነው የሰማኋት። ፊልሙን ባየሁ ቁጥር የማስበው ይህንን ነው። ልጄ በሚቀጥለው ክፍል ተኝቷል። ትንፋሹ ይሰማኛል።

እግረ መንገዴን፣ አሜሪካ ያላችሁ፣ ልጃችሁም ሆነ እናንተ ሕይወት ካስጠላችሁ 988 ደውሉ። ቀንም ሌሊትም ይነሣል።

ፊልሙ ውስጥ ሌላም ቦታ አለ። ሜሪ ሰው ፊት ቆማ ትናገራለች። በቤታችሁም ሆነ በአምልኮ ቦታችሁ «አሜን» ከማለታችሁ በፊት አስቡ፣ ልጅ እየሰማ ነው ትላለች። ያን ስሰማ ሶፋው ላይ ተጎልቼ ቀረሁ።

አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በመላው ሀገሪቱ የፈቀደ ሰሞን። ማኅበሩ ተራው ደርሶን እኛ ቤት ነበር። ልጄ 12 ዓመቱ ነው። እንግዳ ማስታጠብ ከትንሽነቱ ጀምሮ የሱ ሥራ ነው፤ ይወደዋል። ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ይዞ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከወንበር ወንበር ይዞራል። የታጠበ ሁሉ ይመርቀዋል። «እደግ! ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ!» እኛም «አሜን!» እንላለን። በመሃል የፍርድ ቤቱ ወሬ ተነሣ። አንድ አባት «እግዚአብሔር ከምድር ያጥፋቸው» አሉ። ሁላችንም «አሜን» አልን። የኔም ድምፅ አለበት። ልጄ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ መሃል ቤት ቆሟል። ከዚያ ወደ እኚሁ አባት ሄዶ ውሃ አፈሰሰላቸው። «እደግ ልጄ» አሉት።

ያን ቀን ታስታውሳለህ ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። ያስታውሳል። የለበስኩትን የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ቀለም ሳይቀር ነገረኝ።

ወደ ቡክሌቱ ልምጣ። ያዘጋጀው ሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያለው «ፋሚሊ አክሰፕታንስ ፕሮጀክት» ነው። ኬትሊን ራያን የምትባል ባለሙያ ናት የምትመራው። በ2009 ባወጡት ጥናት፣ በጉርምስና ዕድሜያቸው ቤተሰባቸው ክፉኛ የገፋቸው እንደ ልጄ ያሉ ወጣቶች ብዙም ካልተገፉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረናል ያሉት ከስምንት እጥፍ በላይ ሆነው ተገኝተዋል። ከባድ ድብርት ደግሞ ወደ ስድስት እጥፍ። ቁጥሩ አስደነገጠኝ። እንቅልፍ የነሣኝ ግን ዝርዝሩ ነው። ልጅን የሚጎዱ ነገሮች ተራ በተራ ተጽፈዋል። እርሳስ አንስቼ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። መምታት፤ አላደረግኩም። ከጓደኞቹ ማገድ፤ አላደረግኩም። እግዚአብሔር ይቀጣሃል ማለት፤ ብያለሁ። አሳፈርከኝ ማለት፤ ብያለሁ። ስለ ማንነቱ እንዳያወራ፣ ምስጢር አድርጎ እንዲይዘው ማስገደድ። እዚያ ላይ እርሳሱ ቆመ። «ማን ያውቃል?» ያልኩት እኮ ነው። እዚህ ታትሞ ጠበቀኝ።

ደግነቱ ሌላ ዝርዝርም አለው። የሚያድን። እምነትሽን ጣይ አላለኝም። ዛሬውኑ ሁሉም ነገር ይግባሽ አላለኝም። ጓደኞቹን ቤታችሁ ተቀበሉ ይላል። ይቺንማ እችላለሁ አልኩ። እንግዳ ለመቀበል ምን አስተማሪ ያስፈልገኛል! በሳምንቱ ዶሮ ሠራሁ። ሁለት ልጆች ይዞ መጣ። አንደኛው ቃሪያ ነክሶ እንባው እየወረደ ይስቃል፤ እኔ እርጎ አቀርብለታለሁ። ልጄ ከወራት በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያን ምሽት ነው። እነዚህ ልጆች የማን ልጆች ናቸው፣ እናቶቻቸው የት ናቸው እያልኩ ሳስብ አደርኩ።

አሁን የማወራው ስለ ቋንቋ ነው፤ ዛሬ ማይክ ፊት ያስቀመጠኝም እሱ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ያን ቡክሌት ያነበበችው በስፓኒሽ ነው። ቻይንኛም አለው። እኔ በአማርኛ ፈልጌ አላገኘሁም። እንግሊዝኛ አነባለሁ፤ ለሥራ፣ ለሐኪም፣ ለባንክ ይበቃኛል። ልጄን የምቆጣው ግን በአማርኛ ነው። የምመርቀው በአማርኛ ነው። የምጸልየውም በአማርኛ ነው። እንግሊዝኛው አእምሮዬ ጋ ደርሶ ይቆማል። ስለዚህ ልተረጉመው ደብተር ገዛሁ።

መጀመሪያ የሞከርኩት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፤ የጂን ማንፎርድን። ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። በኤፕሪል 1972 ልጇ ሞርቲ ለጌዮች መብት ወረቀት ሲበትን ተደበደበ። ፖሊስ ቆሞ ያያል። እሷ «ማን ያውቃል?» አላለችም። ለጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች፤ ታተመ። ከተማው ሁሉ አወቀ። በጁን ወር ከልጇ ጋር ሰልፍ ወጣች፤ ወላጆች ለልጆቻችን እንተባበር የሚል ጽሑፍ ይዛ። ሕዝቡ ሲጮህ፣ ሲያጨበጭብ ለኋላዋ ሰውዬ መሰላት። ከኋላዋ የነበሩት ዶክተር ስፖክ ናቸው፤ የአሜሪካ እናቶች ልጅ አስተዳደግ የተማሩበትን መጽሐፍ የጻፉት። ጭብጨባው ግን ለእሷ ነበር። ወጣቶች እየሮጡ እባክሽ እናቴን አነጋግሪልኝ ይሏታል። በ1973 ግሪንዊች ቪሌጅ ውስጥ በአንድ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ወላጆች ተሰበሰቡ፤ 20 የሚሆኑ ሰዎች። ዛሬ በመላው አሜሪካ ያለው ፒፍላግ የሚባለው የወላጆች ማኅበር የተወለደው እዚያ ነው።

ደብዳቤው ላይ ያለችው አጭር ናት። ጌይ ልጅ አለኝ፣ እወደዋለሁ። ደብተሬ ላይ «እወደዋለሁ» ወዲያው ተጻፈ። የፊተኛው ቃል ግን ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እኛ የምናውቀው ቃል ከሰዶም የመጣ ነው። በእሳት የጠፋች ከተማ ስም ልጄ ላይ ልለጥፍ? «የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ» ይባላል፤ ጨዋ ቃል ነው፣ ግን ዜና የሚያነቡ ያስመስላል። አንድ አድማጭ እንደነገረኝ አዲስ አበባ ያሉት እርስ በርሳቸው «ዜጋ» ይባባላሉ። ይህን ስሰማ አለቀስኩ። ዜጋ። ደብተሩ ላይ አልጻፍኩትም፤ የነሱ ነው፣ እነሱ ይበሉት። በመጨረሻ ልጄን ጠየቅኩት። «ጌይ በይው፣ ማንም ይገባዋል» አለኝ። እሱን ጻፍኩ።

ኢትዮጵያ ሆናችሁ የምትሰሙኝ ወላጆች፣ ለእናንተ ነገሩ ሌላ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 629 መሠረት የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ያሳስራል። ከሕጉም በፊት ጎረቤት አለ። እዚያ «ማን ያውቃል?» ማለት የልጅን ነፍስ መጠበቅ ሊሆን ይችላል። እኔ ለስሜ ብዬ ነው የጠየቅኩት፤ እናንተ ለልጃችሁ ልትጠይቁ ትችላላችሁ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የጂንን ደብዳቤ ሰምታችሁ ነገ ለአጎት፣ ለንስሐ አባት፣ ለጎረቤት እንዳትናገሩ። ልጁ ሳይፈቅድ ለማንም። ይህንንም በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። እቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ «አለሁልህ» ማለት ግን ይቻላል። «አለሁልሽ» ማለት ይቻላል።

ሌሎች ፊልሞችም አይቻለሁ። «ስትሬት ፍሮም ዘ ሃርት» የሚባል አጭር ዘጋቢ ፊልም አለ፣ ለኦስካር ታጭቶ የነበረ፤ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ይናገራሉ። «ፎር ዘ ባይብል ቴልስ ሚ ሶ» ደግሞ በ2007 የወጣ ነው፤ አምስት አማኝ ቤተሰቦችን ያሳያል። ለሃይማኖተኛ ሰው እሱ ይቀርባል። የቦቢ ፊልም መጨረሻ ላይ ሰልፍ አለ፣ መተቃቀፍ አለ። ጥሩ ነው። እኔ ግን ሰልፍ አልወጣሁም። እናቴም አልሰማችም፤ 81 ዓመቷ ነው። ማኅበሬ ውስጥ የሚያውቁት ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው። አንዷ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሣም። አንዷ ደግሞ «የኔም ልጅ» አለችኝ፣ በሹክሹክታ፣ መኪና ውስጥ። እንደ እኛ ያሉት፣ ግማሽ መንገድ ላይ የቆሙት እናቶች በየትኛው ፊልም አሉ? እንዲህ ያለ ፊልም አንድ ሰው በአማርኛ ቢሠራ እላለሁ።

ባለፈው ፋሲካ ለእናቴ በቪዲዮ ደወልን። ልጄ አጠገቤ ነው። ካሜራው ውስጥ ግንባሯ ብቻ ነው የሚታየው፣ ስልኩን አቅርባ ትይዛለች። «የኔ ጌታ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» አለችው። ዞር ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። እጁን ያዝኩና «አሜን» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። እሱም «አሜን፣ እማማ» አላት።

ሳምንት የቡክሌቱን የመጀመሪያ ሦስት ገጾች ከደብተሬ አነብላችኋለሁ። ልጄ አርሞልኛል። ከኔ የተሻለ ቃል ያላችሁ ላኩልኝ፤ ስማችሁን አልጠራም። ደህና ሰንብቱ።