በግድግዳ ላይ የወጣችው ጨረቃ

እንደምን ከረማችሁ። በአንድ ክፍል ስንት ጊዜ «ፑኔ» እንደምል የምትቆጥሩ አድማጮች ቆጠራችሁን መጀመር ትችላላችሁ፤ ዛሬም ወደዚያችው የሕንድ ከተማ፣ ወደ ካኩ ወጥ ቤት ልመለስ ነው (ካኩ በማራቲ ቋንቋ ለትልቅ ሴት የአክብሮት መጠሪያ ነው)። ባለፈው ሳምንት የካኩ ልጅ የአዲሱን ቤታቸውን ፎቶ ላከልኝ፤ ከማቀዝቀዣው በላይ ያለው ግድግዳ ባዶ ስለሆነብኝ የግድግዳ ካላንደሩ ካልኒርናይ የት እንደገባ ጠየቅሁት። «አሁን በስልክ ነው የምናየው» አለኝ።

ጃያንት ሳልጋኦንካር እ.ኤ.አ. በ1973 ማሳተም የጀመሩት ይህ ካላንደር በብዙ የማራቲ ቤተሰብ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። በካኩ ቤት በዓሉና የጾሙ ቀን በታተመበት በዚያው ሣጥን ውስጥ ወተት አመላላሹ የቀረበት ቀንና ጋዙ የተቀየረበት ቀን በእስክሪብቶ ይጻፍ ነበር።

እኔን የሚከነክነኝ ግን አንድ ምሽት ነው። ዕለቱ ሳንካሽቲ ነበር፤ ጨረቃ መጉደል ከጀመረች በአራተኛው ቀን ባለ ዝሆን ራስ ለሆነው የሂንዱ አምላክ ለጋኔሽ የሚጾም፣ ጨረቃ ስትወጣም የሚፈታ ጾም ነው። (ሳቡዳና የሚባለው የካሳቫ ፍሬፍሬና ወተት እንደሚፈቀድበት ለእናቴ ስነግራት «ታዲያ ምኑን ጾሙት?» ብላኝ ነበር።) ዝናቡ አላባራ ብሎ ሰማዩ ድፍን ብሏል። ካኩ መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን ሣጥኑ ላይ አሳረፉ፤ የጨረቃ መውጫ 9፡27 ይላል፤ እኔ እንደ ልማዴ በልቤ 3፡27 ብዬ አነበብሁት። ሰዓቱ ሲደርስ ለጨረቃ የሚቀርበውን ውሃ በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል ወደ ጨለማው አፈሰሱና ሞዳክ የሚባለው ጣፋጭ ያለበትን ድስት ሊከፍቱ ሄዱ።

«ካኩ፣ ጨረቃዋ እኮ አልወጣችም» አልኋቸው።

«ወጥታለች፤ ተጽፎ የለም እንዴ?»

ሳቅሁ። ከት ብዬ አልነበረም፤ በአፍንጫ የሚወጣ አጭር ሳቅ ነበር፤ እርሱ ደግሞ ይብሳል። የካኩ እጅ በድስቱ ክዳን ላይ ለአፍታ ቆመ፤ ምናልባትም ክዳኑ ስለ ፈጃቸው ይሆናል። ከዚያ የመጀመሪያውን ሞዳክ ለእኔ ሰጡኝ።

በኋላ እንደ ተረዳሁት አንድ ቲቲ (የጨረቃ ቀን) ማለት ጨረቃ ከፀሐይ 12 ዲግሪ የምትርቅበት ጊዜ ስለሆነ አንዳንዴ 19፣ አንዳንዴ 26 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ በጣት ተቆጥሮ የሚደረስበት አይደለም። በጉዲ ፓድዋ፣ ማለትም በአዲስ ዓመታቸው፣ የመጪው ዓመት ፓንቻንግ (የቀን መቁጠሪያቸው) ይነበባል። ይህን ስሰማ የእንቁጣጣሽ ዕለት በደብራችን የሚታወጀው ባሕረ ሐሳብ ትዝ አለኝ። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ይሆናሉ፤ ነነዌም ፋሲካም ከዚያ ይወጣሉ፤ እናቴም ዕድሜዋን ሙሉ የጾመችው ማንም ቀና ብሎ ባላያት ጨረቃ ነው። ታዲያ የሳቅሁት በማን ነበር? ምናልባት እርቦኝ ይሆናል፤ ሰው ሲርበው ይስቃል እንዴ? ይህንን ሐሳብ እንኳ ልተወው።

ያልነገርኋችሁ ነገር አለ። ሰሃኑ ታጥቦ ካኩ ወደ መኝታቸው ከገቡ በኋላ ልብስ ላወርድ ወደ በረንዳ ስወጣ ደመናው ተገልጦ ጨረቃዋ ከጎረቤት የውሃ ታንከር በላይ ከፍ ብላ ነበር። የካኩ መብራት አልጠፋም ነበር። በሩን ለማንኳኳት እጄን አነሳሁ፤ ከዚያ ግን «እንዳሉት ወጥታለች» ብዬ ልነግራቸው ነው ወይስ… እርጥቡን ልብስ በክንዴ እንደ ያዝሁ…