በቀኝ ወንበር ላይ ያለው አዲስ ሰው

እንደምን ሰነበታችሁ፣ ወዳጆቼ! ዛሬ የምንገባው የአብራሪዎቹ ክፍል፣ ኮክፒት፣ ውስጥ ነው። ውቅያኖስ የሚያቋርጡት ግዙፍ አውሮፕላኖች ለሌላ ቀን ይቆዩን። ዛሬ ሰባ ያህል ሰው ጭነው በአጭር ርቀት ቀኑን ሙሉ ሲመላለሱ የሚውሉትን እናያለን፤ ኤቲአር 72፣ ዳሽ 8፣ ኤምብራየር 175 የሚባሉትን። በእነዚህ ውስጥ፣ በቀኝ ወንበር ላይ፣ ሥራ ከጀመረ ገና ጥቂት ቀን የሆነው ረዳት አብራሪ ተቀምጧል። ምን እየሠራ ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ምን እየከበደው ነው?

እዚያ ለመድረስ ያለፈበትን በሩጫ ልበላችሁ፤ መሠረቱን ታውቁታላችሁ ብዬ ነው። የንግድ አብራሪነት ፈቃድ፣ በመሣሪያ ብቻ የመብረር ብቃት፣ ከአንድ በላይ ሞተር ያለው አውሮፕላን የማብረር ብቃት፣ በመጨረሻም የዚያኑ አውሮፕላን ዓይነት ብቻ የሚመለከት ሥልጠና። በአሜሪካ በመደበኛው መንገድ 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠየቃል። በአውሮፓ ግን 200 ሰዓት ገደማ ይዞ የሚገባ አለ። የትኛው ይሻላል? አውቃለሁ፣ አስተያየት መስጫው ላይ ልትፋጁ ነው። እኔ ግን ሰዓት መቁጠር ብቻውን አያሳምነኝም። የአሜሪካውን ሕግ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ቡፋሎ አቅራቢያ የደረሰው፣ 50 ሰዎች ያለቁበት አደጋ ነው። ታዲያ ሁለቱም አብራሪዎች ያን ጊዜም ከ1,500 ሰዓት በላይ ነበራቸው! ተከራከሩ፤ ግን አትሰዳደቡ።

አሁን ወደምወደው ምሳሌ። ታገሡኝ፤ ትንሽ እቆይበታለሁ።

[ምስል፦ ረጅም መጋዝ፣ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ግንድ]

በሁለት ጫፉ እጀታ ያለው ረጅም መጋዝ ታውቃላችሁ? ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ግንድ የሚቆርጥበት። ያን መጋዝ ይዞ የማያውቅ ሰው አንድ የታወቀ ጥፋት አለው፤ ይገፋል። ወደ ራሱ ይስብና፣ ተራው የጓደኛው ሲሆን፣ ያገዘ መስሎት ይገፋል። ሲገፋ ምላጩ ይጎብጣል። ሲጎብጥ ግንዱ ውስጥ ይቀረቀራል። ሁለቱም ላባቸውን እየጠረጉ ይተያያሉ። “ኧረ እኔ እኮ እየረዳሁህ ነው!” ይላል ገፊው። መጋዙ ግን መሳብን እንጂ መገፋትን አያውቅም።

ሌላው ጥፋት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ተራው የጓደኛው ሲሆን እጀታውን ይለቅቃል፤ አገር ያያል። ያን ጊዜ ምላጩ ይወዛወዛል፣ መስመሩን ይስታል። ጥሩ መጋዝ ሳቢ ግን ተራው ባይሆንም እጁ እጀታው ላይ ነው። አይገፋም፣ አይለቅቅም። የምላጩ ጉዞ መዳፉ ላይ ይሰማዋል፤ መጋዙ አለመስመሩ መሄድ ሲጀምር ከሳቢው ቀድሞ የሚያውቀውም እሱ ነው።

ኮክፒትም ይኸው ነው። በእያንዳንዱ በረራ አንዱ ያበርራል፣ ሌላው ይከታተላል። በሚቀጥለው በረራ ይቀያየራሉ። አዎ፣ ረዳት አብራሪውም ያስነሣል፣ ያሳርፋል፤ አዛዡ ግን ምንጊዜም ዋናው አብራሪ፣ ካፒቴኑ ነው። የሚከታተለው ሬዲዮ ያናግራል፣ የማረጋገጫ ዝርዝሩን (ቼክሊስት) ያነብባል፣ ሲባል ጎማውንና ፍላፑን (ሲነሡና ሲያርፉ ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋውን ክፍል) ያንቀሳቅሳል፣ ፍጥነትና ከፍታ ይጠብቃል። አዲሱ ሰው እዚህ ላይ ወይ ይገፋል፣ ወይ ይለቅቃል። ካፒቴኑ ሳይጠይቅ እጁ ፍላፑ ላይ ይደርሳል፤ አለዚያም ካፒቴኑ አዋቂ ነው ብሎ ዝም ብሎ ይጓዛል።

ቴክኒኩን በፍጥነት እንለፈው። ሲነሡ፦ “80 ኖት” (ኖት የፍጥነት መለኪያ ነው)፣ “ቪ-ዋን” (ከዚህ በኋላ መነሣቱን መተው የለም)፣ “አንሣ”፣ መውጣታቸው ሲረጋገጥ “ጎማ ሰብስብ”። ከ10,000 ጫማ በታች የሥራ ካልሆነ ወሬ የለም። ለማረፍ ሲወርዱ፣ 1,000 ጫማ ላይ ፍጥነቱ፣ የቁልቁለት ጉዞው፣ ፍላፑና ጎማው ሁሉ በቦታው ካልሆነ ማረፉን ትቶ እንደገና ወደ ላይ መውጣት ነው። በአብዛኞቹ አየር መንገዶች ይህን ከሁለቱ ማንኛቸውም ሊጠሩት ይችላሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። በዝርዝር የምትፈልጉ የአነሣሥ ፍጥነቶችን ያስረዳሁበት ቪዲዮ አለላችሁ፤ ማንም ስላላየው ቅር ብሎኛል።

ይልቅስ ስለ አስተያየቶቻችሁ እናውራ። አንድ ጊዜ “አዲስ አብራሪ እውነተኛውን አውሮፕላን የመጀመሪያ ጊዜ የሚያበርረው በብዙ ቦታ ተሳፋሪ ይዞ ነው” ብዬ ነበር። አቤት የወረደብኝ! “ታዲያ እኛ መለማመጃ ነን?” “ትኬቱ ላይ ለምን አይጻፍም?” አንዷ ተመልካችማ ከእንግዲህ በአውቶቡስ ብቻ ነው የምሄደው ብላለች። እህቴ፣ ከመሄድሽ በፊት አንድ አፍታ ስሚኝ።

ያ ሰው ባዶ እጁን አልመጣም። ለሳምንታት በሲሙሌተር (በበረራ ማስመሰያ) ውስጥ ሲጠበስ ከርሟል። እኔ የምላችሁ የኮምፒውተር ጨዋታ አይደለም፤ ትክክለኛው ኮክፒት፣ በሃይድሮሊክ ወይም በኤሌክትሪክ እግሮች ላይ ቆሞ የሚናወጥ፣ እያንዳንዱ ማብሪያ በቦታው ያለ። ልክ መሬት ሊለቅ ሲል አንዱን ሞተር ያጠፉበታል። እንደገና ያጠፉበታል። ጭስ ይለቁበታል፣ ነፋስ ይገለብጡበታል። በመጨረሻም ፈታኝ አጠገቡ ተቀምጦ ይፈትነዋል። ያላለፈ አይሳፈርም። ካለፈ በኋላም አጠገቡ የሚቀመጠው ለማሠልጠን የተመደበ ካፒቴን ነው፤ በብዙ ቦታም በመጀመሪያዎቹ በረራዎች ሦስተኛ አብራሪ ከኋላ ይቀመጣል።

“ለምን በባዶ አውሮፕላን አይለማመዱም?” ትሉኛላችሁ። ዱሮ ብዙው ልምምድ በባዶ አውሮፕላን ነበር እኮ! እ.ኤ.አ. በ1967 ኒው ኦርሊንስ ላይ ዲሲ-8 የሚባል አንድ አውሮፕላን ለሥልጠና ተነሣ። ከአራቱ ሞተሮች የሁለቱን ኃይል ሆን ብለው ቀንሰው ሊያርፉ ሲሉ ወደቀ። 19 ሰዎች ሞቱ፤ 13ቱ መሬት ላይ የነበሩ ናቸው። ሲሙሌተር ውስጥ ሲወድቁ ግን አስተማሪው አንድ ቁልፍ ይጫንና “እንደገና” ይላል። ስለዚህ እኔ የምፈራው ያንን አዲስ ሰው አይደለም። እኔ የምፈራው ዝም የሚል አዲስ ሰው ነው።

ጃንዋሪ 13 ቀን 1982 ዋሽንግተን ውስጥ በረዶ እየወረደ ነበር። አንድ ቦይንግ 737 ከዚያ ሊነሣ ነው፤ የሚያበርረውም ረዳት አብራሪው ነው። የሞተሩ መለኪያ በበረዶ ምክንያት የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል፤ ሞተሮቹ ከሚታየው ያነሰ ኃይል ነው የሚሰጡት። እየተንደረደሩ ሳለ ረዳት አብራሪው ይህ ነገር ልክ አይደለም አለ። ካፒቴኑ ልክ ነው ብሎ መለሰለት። አይመስለኝም አለ። ቀጥሎ ግን፣ ምናልባት ልክ ይሆናል ብሎ ለቀቀ። አውሮፕላኑ ተነሣ፣ ከፍ ማለት አቃተው፣ ድልድይ መትቶ ወንዝ ውስጥ ገባ። 78 ሰዎች ሞቱ። ሰውየው አይቷል። ተናግሯል። ድምፁን ግን ራሱ አለሰለሰው።

ዛሬ ለአዲስ ሰው የሚያስተምሩት አነጋገር አጭርና ደረቅ ነው። “ፍጥነት!” “ከመስመር ወጥተናል።” ሁለት ጊዜ ተጠርቶ መልስ ካልመጣ፣ በብዙ አየር መንገዶች የሚከታተለው መሪውን ይረከባል። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሠላሳ ዓመት የበረረ፣ የአባትህ እኩያ የሆነ ሰው አጠገብህ ተቀምጦ ግን “እንደገና እንውጣ” ማለት፣ ምላስ እንደዚያ ቀን ከብዶ አያውቅም።

[ምስል፦ ዝናብ፣ ሌሊት፣ አንድ የእጅ ባትሪ]

ደግሞ ዝናቡ አለ። አብዛኛውን ጊዜ አውሮፕላኑን ከውጭ ዞሮ የሚፈትሸው ማን ይመስላችኋል? አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ፣ ባትሪ ይዞ፣ ጎማውን ያያል፣ የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹ ሽፋናቸው መነሣቱን ያያል፣ የውልብልቢቱን ጠርዝ በእጁ ይዳስሳል። በብዙ አውሮፕላኖች ፍሬኑ ላይ አጭር የብረት ዘንግ አለች። ሸራው ባለቀ ቁጥር ወደ ውስጥ ትገባለች። ከገጹ እኩል ከሆነች ፍሬኑ ይቀየራል። እሷን ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል፤ ጎንበስ ሲሉ ደግሞ ውኃው በአንገት ይገባል። ተሳፋሪው በመስኮት እያየ “ይህ ሰውዬ ምን ጠፍቶበት ነው?” ይላል።

ይህን ሁሉ በቀን አራት፣ አምስት ጊዜ ይሠራዋል። አርፈው እንደገና እስኪነሡ ግማሽ ሰዓት እንኳ ላይሞላ ይችላል። የረጅም ርቀት አብራሪ በወር ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያገኘውን ማሳረፍ፣ የኛ ሰው በሁለት ቀን ይጠግበዋል። ለዚህ ነው ጥሩ እጅ የሚወጣው ከትናንሾቹ አውሮፕላኖች ነው የምለው፤ የትልልቆቹ አፍቃሪዎች ተቆጡ እንጂ አልመለስም።

በሚቀጥለው ስለ ተጠባባቂነት እናወራለን፦ ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ ስለሚተኛው ረዳት አብራሪ። ይህን ቻናል የማትከተሉ ካላችሁ ደወሏን ተጫኗት። በአውቶቡስ እሄዳለሁ ያልሽው እህቴም፣ ከደረስሽ በኋላ ተጫኚ።