ሶፋው

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ስለ ምንጣፉ ሁለተኛ አላወራም ብዬ ነበር፤ አውቃለሁ። ግን መጨረሻው እዚያ ሳይሆን አይቀርም፤ ታገሱኝ።

«አሜሪካን ቢዩቲ»ን ደግሜ አየሁት። እ.ኤ.አ. የ1999ኙ ፊልም፣ አምስት ኦስካር የወሰደው። ያኔ የገደለኝ ፌስታሉ ነበር፤ ቀይ ጡብ ግንብ ስር ነፋስ የሚያስጨፍረው። አሁን ፌስታሉ ምንም አላለኝም። የያዘኝ ሶፋው ነው።

ካሮሊን ቤት ስትገባ ባሏ ሌስተር ሶፋው ላይ ተዘርግቷል፤ ቢራ ይዟል። መኪናውን በቀይ የድሮ ስፖርት መኪና ለውጧል፤ ትቆጣለች። ልጃቸው የለችም፣ ቤቱ ጭር ብሏል። ይጠጋታል። ወጣት እያለች ምን ዓይነት ቀበጥ እንደነበረች ያስታውሳታል። ፊቷ ሲፈታ ታያላችሁ። ትስቃለች። ሊስማት ትንሽ ሲቀረው፣ ቢራው ሶፋው ላይ ሊፈስ ነው ትለዋለች።

በቃ። አራት ሺህ ዶላር፣ የጣሊያን ሐር።

ሦስቴ መለስኩት። ሦስተኛውን ድምፁን አጥፍቼ።

ስለ ጓደኝነቱ ደግሞ... ሁሉም ሰው ሌስተርንና የጎረቤቱን ልጅ ሪኪን ያነሳል። የ42 ዓመት ሰውና የ18 ዓመት ልጅ። ልጁ ከሚያስተናግድበት ግብዣ ወጥተው ጓሮ ሲያጨሱ የልጁ አለቃ መጥቶ ይቆጣዋል፤ ልጁ እዚያው ሥራውን ይለቃል። ሌስተር አፉን ከፍቶ ያየዋል። ደስ ይላል። ግን ልጁ እኮ ሐሺሽ ይሸጥለታል! ጓደኝነት ነው ወይስ ደንበኝነት? ለነገሩ እኔም ከአንዳንዶቹ ጋር... ተዉት።

ማክሰኞ ማታ የኔው ሰው ሻይ ይዞ ወደ ሳሎን መጣ። እየሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ እየሳቀ። «ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለ። እኔ ምን አልኩ?

«ምንጣፉን!»

«እሺ» አለ። አልተቆጣም። ኩባያውን ኩሽና ወስዶ እዚያው ቆሞ ጠጣው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሊነግረኝ የነበረውን እስካሁን አልጠየቅኩትም። አሁን ብጠይቀው «ረሳሁት» የሚል ይመስለኛል።

ካሮሊን ላይ ግን ሁላችንም እንስቃለን። ያንን ሶፋ እሷም ሠርታ ነው የገዛችው እኮ፤ በየቀኑ የሰው ቤት ስታሻሽጥ እየዋለች። ማን ሊያጸዳው ነበር? እሱ? ማለቴ ልክ ናት አላልኩም። ልክ አይደለችም። ግን...

ደግሞ ነጭ ነው። ነጭ ምንጣፍ ማን ግዢ አለሽ እንዳትሉኝ፤ እሱን እኔም...