«9 ሚሊ» ብላችሁ አትለፉ

ክቡራን እንግዶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ አካም ጅርቱ፣ እንደምን ዋላችሁ?

ጅማ ላይ እንግዳ አይደለሁም። አዌቱ ዳር ያደግኩ ልጅ ነኝ። ሬሳ ክፍል ደጃፍ አብረን ያመሸን እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለን። በእኩለ ሌሊት ደውዬ የቀሰቀስኳችሁም አላችሁ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ሥልጠናውን ዝጋልን ስትሉኝ አንድ ነገር ልናገር ብዬ ነው የመጣሁት። ስለ ሽጉጥ ጥይት ቅርጽ።

መጀመሪያ በቃሉ እንግባባ። ሰፈር ውስጥ ሁሉም ነገር ጥይት ነው። ለመዝገብ ግን ይህ አይበቃም። ናሱ ቀለህ ነው። ውስጡ ባሩድ አለ። ከአፈሙዝ ወጥቶ ሰው የሚመታው ጫፉ ላይ የተሰካው እርሳስ ነው። ቀለሁ ከመሬት ይለቀማል፣ እርሳሱ ከሰው ሥጋ ይወጣል። ሁለቱንም «ጥይት» ብሎ የጻፈ መርማሪ ምን እንዳገኘ አልነገረኝም።

አንድ ቀን ፖስታ መጣልኝ። ከየት እንደመጣ አልናገርም፤ የነበራችሁበት ታውቁታላችሁ። ላዩ ላይ «የ9 ሚሊ ሜትር የሽጉጥ ጥይት፣ ብዛት 1» ይላል። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። በጉዳዩ አንድ ወጣት ታስሯል። ቤቱ ሲፈተሽ ማካሮቭ የሚባል ሽጉጥ ተገኝቶበታል። ማካሮቭ 9 ሚሊ ነው፣ ከሟች የወጣውም 9 ሚሊ ነው ተባለ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ፖስታውን ከፍቼ ነጭ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። ገና ሳልነካው ክው አልኩ። የተለመደው የማካሮቭ እርሳስ ላዩን የሚሸፍን ልባስ፣ ማለትም ስስ የብረት ሽፋን አለው፤ አፍንጫውም እንደ እንቁላል ጫፍ ድቡልቡል ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ልባስ የሌለው፣ ራቁቱን የሆነ ግራጫ እርሳስ ነው። አፍንጫው ጠፍጣፋ ነው። ከአፍንጫው ዝቅ ብሎ ዙሪያውን ትከሻ አለው። ይህን ቅርጽ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ከስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነው። መዘንኩት፤ 10 ግራም አለፈ። የማካሮቭ 6 ግራም ገደማ ነው። አፈሙዙ ውስጥ ያሉት ጠመዝማዛ ቦዮች ጎኑ ላይ የተዉትን ምልክት ቆጠርኩ። 6 ናቸው፤ የሚጠመዘዙትም ወደ ግራ ነው፣ ልክ እንደ ኮልት ስድስት ጎራሽ። የማካሮቭ 4 ናቸው፣ ወደ ቀኝ። ቦታው ላይ ቀለህ ያልተገኘበት ምክንያትም ያኔ ገባኝ። ስድስት ጎራሽ ቀለሁን አይተፋም፤ ይዞት ይሄዳል።

ያ ልጅ 7 ወር ታስሯል። ሰባት ወር! እናቱ ስንቅ ስታመላልስ ከረመች። ልዩነቱን ለማየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም ነበር። የሚያስፈልገው ዓይንና አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፦ «ልባስ የሌለው፣ አፍንጫው ጠፍጣፋ፣ ትከሻ ያለው።» ይህን የሚጽፍ አንድ ሰው ጠፋ!

በዚያ ላይ እርሳሱ ጎኑ ላይ አይጥ የበላው ይመስል ነበር። ጥርስ ባለው የብረት መቆንጠጫ ነክሰው ነው ያወጡት። ከየትኛው ሽጉጥ እንደወጣ የሚናገሩት ጥቃቅን ጭረቶች እዚያው ላይ ነበሩ። ልጁ ተፈታ። የገደለው ሽጉጥ ቢገኝ ግን የምናስተያየው ነገር አልተረፈንም። የመቆንጠጫው ጫፍ ላይ የጎማ ቱቦ ቁራጭ ማልበስ ይበቃ ነበር። በጀት የለም ይሉኛል። የጎማ ቁራጭ ምን በጀት ይፈልጋል?

የጅማ ሰዎች ነን። ሒርማታ ገበያ ብትወርዱ አንዲት እናት ቡናውን መዳፏ ላይ በትና ይህ ጀንፈል ነው፣ ይህ የታጠበ ነው ትላችኋለች። «ቡና ነው» ብላ አትሸጥላችሁም። ለአንድ ኪሎ ቡና እንዲህ እየተጠነቀቅን ለሰው ነፍስ «9 ሚሊ» ብለን እንለፍ? እንዴት አናፍርም!

እስቲ ቁጥሩን ስሙት። የማካሮቭ እርሳስ ውፍረቱ 9.27 ሚሊ ሜትር ነው። ቀለሁ 19 ሚሊ ሜትር የሚረዝመው፣ ፓራቤለም የሚባለው የሽጉጥ ጥይት እርሳስ 9.01 ነው። የስድስት ጎራሹ ጥይት፣ የ.38 ስፔሻል፣ 9.07 ገደማ ነው። ማስመሪያ ብታስጠጉባቸው ሦስቱም «9 ሚሊ» ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አፍንጫቸው ድቡልቡል ነው። እዚያ ላይ ቅርጹ ብቻውን አይበቃም። ውፍረት የሚለካው ካሊፐርና ሚዛን ይጨመርበት። ፓራቤለሙ ብዙ ጊዜ ከ7 ግራም በላይ ነው፤ ሚዛን ላይ ከማካሮቭ ይለያል።

ሌሎቹን ቅርጾች በሥልጠናው አይታችኋል፣ ቶሎ ልለፍ። እንደ ጣሳ ቀጥ ብሎ ጫፉ ሙልጭ ያለው ዋድካተር የዒላማ ነው። ወረቀቱን አጥርቶ ስለሚቆርጥ ነጥብ ለመቁጠር ይመቻል። አፍንጫው ጉድጓድ ያለው ሆሎው ፖይንት ሰውነት ውስጥ ሲገባ እንደ አበባ ይከፈታል። ሐኪሞችና ነርሶች፣ እባካችሁ እሱን በጣታችሁ አትፈልጉ። የተከፈተው ልባስ ጓንት ይቀድዳል፣ እጅ ይቆርጣል። ራጅ አይታችሁም ውፍረቱን አትገምቱ፤ ራጅ ያጎላል። ከቁስሉም አትገምቱ፤ ቆዳ ይለጠጣል፣ መልሶም ይሰበሰባል።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ 12 እርሳስ አስቀምጫለሁ። ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። ካሊፐሩና ሚዛኑ አጠገባቸው ነው። ቡናው እስኪቀርብ ተራ በተራ ኑ፣ ለኩ፣ መዝኑ፣ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። የሽጉጥ ስም የተጻፈበት ወረቀት አልቀበልም። ከፊት ረድፍ እንጀምር።