ቲማቲሙን ከየትኛው መደብ እናስቀምጠው?

እንደምን አረፈዳችሁ! የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤

ከራሴ ስህተት ልጀምር። ባዮሎጂ ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን አንድ ልጅ ፈተና ላይ ቲማቲምን ከአትክልት መደበው። እኔም በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግኩበት። በሳምንቱ እናቱ መጡ። እዚሁ ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ቸርቻሪ ናቸው። «መምህር፣ ቲማቲም ፍራፍሬ ነው አሉት አሉ። እኔ ስንት ዘመን ከፎገራ ሽንኩርት ጎን ደርድሬ የሸጥኩትን፣ ዛሬ ከሙዝ ጋር ባስቀምጠው ማን ይገዛኛል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ለካስ የምንጠይቀው ጥያቄ የተለያየ ነበር። እኔ «የተክሉ የትኛው ክፍል ነው?» እላለሁ፤ እሳቸው ደግሞ «ወጥ ውስጥ ይገባል ወይስ እንዲሁ ይበላል?» ይላሉ። ልጁ የመለሰው የእናቱን ጥያቄ ነው። የኔን ጥያቄ በትክክል ያልጻፍኩት እኔው ነኝ።

በዕፅዋት ሳይንስ ፍሬ የሚባለው ከአበባው ውስጥ ዘር የሚይዘው ክፍል ሲያድግ ነው። ስለዚህ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ዱባ፣ ፎሶሊያ ሁሉም ፍሬ ናቸው። ጎመን ቅጠል ነው፣ ካሮት ሥር ነው። ሽንኩርት ሥር ይመስላል እንጂ ያ ስንልጠው የሚያስለቅሰን ድርብርብ፣ ስንቅ የያዘ ቅጠል ነው።

የድንች ነገር ግን ይገርመኛል። ከመሬት ተቆፍሮ ስለሚወጣ ሥር ነው የማይል ሰው የለም። ከደባርቅ የመጣ ድንች አንሡና ዓይኑን እዩት፤ ያ ጎድጎድ ያለው ቦታ ቡቃያ ነው። ካሮት ላይ እንዲህ ያለ ዓይን ፈልጋችሁ አታገኙም። ድንች ከመሬት በታች ያበጠ ግንድ ነው። ፀሐይ ላይ ካሰነበታችሁት አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴው ሲመጣም ሶላኒን የሚባል መርዝ ሊጨምር ስለሚችል ባትበሉት ይሻላል።

የጤፍ ቅንጣትም በሳይንሱ ፍሬ ናት። እንግዲህ እንጀራ ከፍራፍሬ ይጋገራል ብል ከዚህ አዳራሽ በሰላም የምወጣ አይመስለኝም።

ቋንቋችንም አላገዘንም። አትክልት በግእዝ የተክል ብዙ ቁጥር ነው፤ እንዲያ ከሆነ የብርቱካኑም ዛፍ አትክልት ነው። ፍሬ ደግሞ አንዳንዴ ዘሩን እንልበታለን። ስንግ ሲሠራ «የቃሪያውን ፍሬ አውጪው» ስንል፣ ፍሬውን ከፍሬው አውጪ እያልን ነው።

ይህ ክርክር አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። በ1883 እ.ኤ.አ. በወጣ የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ አትክልት 10 በመቶ ይከፍል ነበር፤ ፍራፍሬ ግን ነፃ ነበር። ኒክስ የሚባሉ አስመጪዎች «ቲማቲም ፍራፍሬ ነውና ቀረጣችን ይመለስ» ብለው ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1893 እ.ኤ.አ. ቲማቲም በዕፅዋት ሳይንስ ፍሬ መሆኑን ሳይክድ፣ ሕዝብ የሚያውቀው ከዋናው ምግብ ጋር የሚቀርብ አትክልት አድርጎ ነው ብሎ ፈረደባቸው። ዳኞቹ ቅዳሜ ገበያን ባያዩም የተስማሙት ከልጁ እናት ጋር ነው።

አንድ ነገር ግን ለቸርቻሪዎቻችንም ይጠቅማል። ሙዝም ቲማቲምም እየበሰለ ሲሄድ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ አጠገቡ ያለ ጎመን ቶሎ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ መደባችሁ ላይ ጎመኑን ራቅ አድርጉት።

አሁን ፈተና ሳወጣ «በዕፅዋት ሳይንስ ትርጉም» የሚል ሐረግ እጨምራለሁ። ኤክሱን ግን ለዚያ ልጅ ሳላርምለት ክፍል አለፈ።

ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ቢላና ሳህን አለ፤ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ተቀምጧል። ልጆች፣ ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ እየቆረጣችሁ ዘሩን ፈልጉ። ቃሪያ የነካችሁ፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን እንዳታሹ።