ሪፖርቱን አይተነዋል፤ ሰንጠረዡስ?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶቻችን፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

ዛሬ አጀንዳው ብዙ ነው። ስለዚህ ለአንድ ጉዳይ ብቻ፣ ለክፍት የመንግሥት መረጃ፣ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች «መረጃው ክፍት ነው፣ ድረ ገጻችን ላይ አለ» ሲሉ ደጋግመን ሰምተናል። እሰየው። ግን ገብታችሁ ስታዩት ብዙ ጊዜ የምታገኙት ስካን የተደረገ ወረቀት ነው። ኮምፒውተር ቁጥሩን እንደ ቁጥር አያነበውም። በጀቱን ካለፈው ዓመት ጋር ላወዳድር ያለ ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ ይገለብጣል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ በካሊፎርኒያዋ ሴባስቶፖል 30 ያህል ሰዎች ተሰብስበው ነበር። ክፍት የመንግሥት መረጃ ማሟላት ያለበትን በስምንት መርሆዎች አስቀመጡ። ሙሉ ይሁን፣ በወቅቱ ይውጣ፣ ኮምፒውተር ሊያነበው ይቻል፣ ፈላጊው ካልተመዘገብክ አይባል፤ እያለ ይቀጥላል። እኔ ግን ከሁሉም የማስበልጠው ከምንጩ እንደተሰበሰበ ይውጣ የሚለውን ነው። ተጠቃሎ የቀረበ ድምር የሚመልሰው የደመረውን ሰው ጥያቄ ነው፤ የእናንተን አይደለም።

ላንድሳት የሚባሉትን፣ ምድርን ከላይ ፎቶ የሚያነሱ የአሜሪካ ሳተላይቶች ተመልከቱ። አንድ ምስል እስከ 600 ዶላር ይሸጥ በነበረበት ጊዜ፣ ገበያው ደራ በተባለበት ዓመት እንኳ በቀን የሚሸጠው 50 ያህል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ምስሎቹ በነጻ ተለቀቁ። ከዚያ በኋላ በቀን በሺዎች ይወርድ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪዎች ከ650 ሺህ በላይ ምስሎችን ተጠቅመው የዓለምን የደን ለውጥ ካርታ አወጡ። በዋጋው ቢሆን ኖሮ ማን ይሞክረው ነበር?

ቴክኖሎጂ የግድ ነው ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሕንድ ራጃስታን ግዛት የገጠር ሠራተኞች የመንግሥትን የደመወዝ መዝገብ በአደባባይ ያስነብቡ ነበር። የሞቱ ሰዎች ሳይቀሩ ደመወዝ እንደወሰዱ ተጽፎ ተገኘ! ያ ትግል እ.ኤ.አ. ለ2005ቱ የሕንድ የመረጃ መብት ሕግ መንገድ ጠረገ። መልስ በ30 ቀን ይሰጣል። የሰው ሕይወት ወይም ነፃነት ጉዳይ ከሆነ ደግሞ በ48 ሰዓት። ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ ኃላፊ ከራሱ ኪስ ይቀጣል። የሕጉ ጥርስ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቀነ ገደብ የሌለው መብት «ነገ ተመለሱ» ሲባል ይኖራል።

የታካሚ ፋይል ወይም የግለሰብ አድራሻ ይከፈት የሚል በመካከላችን የለም። ነገር ግን የግል ምስጢር የሚለው ቃል የጨረታ ውል መሸፈኛ ሲሆን ዝም ማለት የለብንም።

ስለዚህ በዚህ ዓመት አባላት ጥያቄ ስታስገቡ «ሪፖርት ይሰጠን» ብላችሁ አትጻፉ። ሰንጠረዡን፣ በየትኛው ቀን እንደተሰበሰበ፣ ማን እንደሰበሰበውና የእያንዳንዱን ዓምድ ማብራሪያ ጠይቁ። ያስገባችሁበትን ቀን መዝግቡ። ከከለከሏችሁ ክልከላው በጽሑፍ ይሁን፤ ይግባኝ የሚባለው በእሱ ነው።

እኛም ከራሳችን ጀምረናል። የማኅበሩ የዓመቱ ሂሳብ ከኦዲት ሪፖርቱ ጋር በሰንጠረዥ ተልኮላችኋል፤ ከሰዓት በኋላ ገንዘብ ያዣችን ፊት ለፊት ይጠየቃል። አትራሩለት።

ጉባኤው በይፋ ተከፍቷል። ወደ መጀመሪያው አጀንዳ እንለፍ።